ሙሉ ነጥብ

ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ይላታል። የእናትን ቀሚስ፣ የልጅን ዩኒፎርም፣ የልጅ ልጅን መጠቅለያ የሰፋች ሴት ናት። በሃያ ዓመት ውስጥ ያላለበሰችው ሰው ቢኖር ራቁቱን የሚዞረው የሰፈሩ እብድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሁለቴ ሞክራው ነበር።

አንድ ገመና ነበራት። በወጣትነቷ ሥጋ ደዌ ይዟት መድኃኒቱን ጨርሳ ድናለች። በሽታው ሲሄድ ግን የግራ እጇን ሁለት ጣቶችና የቀኝ እግሯን ስሜት ይዞባት ሄደ። መርፌ ሲወጋት አይሰማትም፤ የምታውቀው ጨርቁ ላይ ደም ስታይ ነው። ስለዚህ የሙሽራ ልብስ ስትሰፋ በየመሃሉ ቆም ብላ ጣቶቿን ታያለች። ሰዉም «አቤት ጥንቃቄ!» ይላል።

ዘንድሮ የስፌት መኪናው መርገጫ እግሯን አቆሰላት። ሐኪሙም አልሸፋፈነላትም፤ «ይህ እግር ካላረፈ ይቆረጣል» አላት። የተገለሉ ሰዎችን የሚረዳ ቢሮ በሞተር የሚሠራ የስፌት መኪና ይሰጣል ሲባል ሰምታ እያነከሰች ሄደች።

መዝጋቢው ተነስቶ ወንበር የሚያቀርብ ጨዋ ወጣት ነው። ገመናዋን በሹክሹክታ ነገረችው። እንዲህ ያለውን ነገር ለሰው ስትናገር የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

«እናቴ፣ የመገለል ነጥብዎ አይሞላም» አላት ቅጹን እያየ።

«ምን ጎደለኝ?»

«ደንበኛ አለዎት፣ ሰው አክብሮ ይጠራዎታል፣ የሰፈሩ ማኅበር ሰብሳቢም ነዎት። ታዲያ ማን አገለለዎት?»

«ስለማያውቁ ነዋ ልጄ!»

«መገለልዎማ በጎረቤት ምስክር መረጋገጥ አለበት።»

«ኧረ አደራህን፣ ሰው እንዳይሰማ!»

«ምን ነካዎት እናቴ፣ ቅጹ እኮ ምስጢር ነው።»

እውነቱን ነው፤ ቅጹን ለማንም አላሳየም። በማግስቱ መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሦስት በር አንኳኳና ጥያቄውን ብቻ ጥርት ባለ ድምፅ አነበበ። «ልብስ ሰፊዋ የሥጋ ደዌ ታማሚ በመሆናቸው አብረዋቸው ከመብላት ይቆጠባሉ? ልብስ ከማሰፋትስ?»

የመጀመሪያዋ ጎረቤት አፏን ያዘች። «ከበፊት ጀምሮ ነው ወይስ ከዛሬ?» ስትል ጠየቀችው።

«አሁን ያለውን ሁኔታ ነው።»

«እንግዲያው አዎ በልልኝ» አለች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምሳ ሳይደርስ ሰፈሩ ሰማ። ቀድማ የመጣችው ለልጇ የሙሽራ ልብስ እያሰፋች የነበረች እናት ናት፤ ልጆቿን በሙሉ ያለበሰችላት፣ «እህቴ» የምትላት ሴት። ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች።

«ግቢ እንጂ እህቴ፣ እጅጌው ብቻ ነው የቀረው።»

«በዚህ እጅሽ ነው ልጄን ስትለኪ የከረምሽው?»

«ድኛለሁ እኮ! ከእኔ ወደ ማንም አይተላለፍም።»

«ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰብስባ ዞረች። «ልብሱን አቃጥይው» ብላ ሄደች።

የቀሩት ደንበኞች ተሸካሚ ላኩ። እሱም እጁን በፌስታል ጠቅልሎ የሰዉን ጨርቅ ሁሉ ለቃቅሞ ወጣ። የሙሽራዋን ነጭ ልብስ ራሷ አቃጠለችው። በሽታው በያዛት ጊዜ እንኳ እንደዚያ ቀን አላለቀሰችም።

በወሩ መዝጋቢው መኪናውን አሸክሞ፣ ፎቶ አንሺ አስከትሎ መጣ። ፊቱ በርቷል።

«እንኳን ደስ አለዎት እናቴ! መቶ ከመቶ! ከሰፈሩ አንደኛ ወጥተዋል!»

መኪናው ያምራል፤ ሞተሩም ድምፅ የለውም። እግር ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። ለነገሩ እግሯ ሐኪሙ እንዳዘዘው ዐርፏል፤ ካረፈ ወር ሆኖታል።

«ለፎቶው ትንሽ ይስፉልን» አላት።

«ምኑን?»

ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ። አንዲት ብጣሽ ጨርቅ የለችም። ከኪሱ መሐረቡን አውጥቶ ሰጣት። ጠርዙን ዙሪያውን ቀጥ አድርጋ ዘመዘመችለት፤ ፎቶውም ተነሳ። እንደ ልማዷ ጣቶቿን አየች። ደም የለም። መሐረቡን አጣጥፋ ዘረጋችለት።

መዝጋቢው እጁን ወደ ኋላው አደረገ።

«ግዴለም እናቴ» አለ በትሕትና፤ «እርስዎ ጋ ይሁን።»