ቅቤ የገባበት ድንች

«መጀመሪያ ማሽኑን እጠብልኝ፤ ከዚያ ፍጭልኝ» አለችው ሥጋ ሻጩን።

ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን ጨርቅ ላይ ጠራርጎ ቀና ብሎ አያት። በየሳምንቱ ቅዳሜ ትመጣለች፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይህንኑ ትላለች። «እመቤቴ፣ እኔ እዚህ የምፈጨው ላሟን ነው እንጂ ወተቷን አይደለም እኮ!» አላት።

ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በሳቅ ፈነዱ። እሷ አልሳቀችም። መፍጫው ተፈታትቶ፣ የፈላ ውኃ ፈሶበት፣ ደርቆ እስኪገጠም ድረስ ከባንኮኒው ፊት ንቅንቅ አላለችም። ይሳቁ። ሳቅ ሰው አይገድልም። ወተት ግን ልጇን ለጥቂት ሳይገድልባት ቀርቷል።

ልጅቷን ቤተሰቡ ድንቢጥ ነው የሚላት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሰውነቷ ሚጢጢ፣ አፏ ግን ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ የሚውል። ገና ድክ ድክ በምትልበት ዘመን ከሱቅ የተገዛ ብስኩት በልታ ፊቷ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ከንፈሯ ጠቆረ፤ ትንፋሿ እንደ ፉጨት ቀጠነ። ሐኪም ቤት በሩጫ ደርሳ ተረፈች። «የወተት አለርጂ ነው። ብስኩቱ ወተት እንዳለበት እኮ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል» አለቻት ነርሷ። እናትየው ማሸጊያውን ገለባብጣ አየችው። ለእሷ ጽሑፉ የጉንዳን ሰልፍ ነበር።

ከዚያ በኋላ አፍታም አልቆየች፤ የጎልማሶች የማታ ትምህርት ተመዘገበች። አብረዋት ከገቡት አንዱ መንጃ ፈቃድ ፈልጎ ነው፤ አንዷ የልጅ ልጇን መልእክት ራሷ ለማንበብ። እሷ ግን ፊደል የቆጠረችው አንዲት ቃል አድና ለመያዝ ነበር፤ «ወተት» የምትለዋን። ዛሬ የጨው ማሸጊያ እንኳ ሳይቀር ጣቷን እያስኬደች ሳታነብ ወደ ቤቷ አታስገባም። ወተትና ቅቤ ከደጇ ከተባረሩ ቆይተዋል። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ሻያቸውን ጥቁሩን ይጠጣሉ። ባሏና ትልቁ ልጇ ያቀረበችላቸውን ይበላሉ፤ ቅሬታ ቢኖራቸውም ዋጥ ያደርጉታል።

ቤት ገብታ ሥራዋን ጀመረች። የቅዳሜ እራት የቤተሰቡ እራት ነው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር በመሆኑ ሌላውን ቀን የሚገባው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ሽንኩርቱን አድቅቃ ከትፋ በዘይት አቁላላች፤ ነጭ ሽንኩርትና በትንንሹ የተቆረጠ ካሮት ጨመረች። የተፈጨውን ሥጋ ለቀቀችበትና እንዳይጓጉል በሹካ እየበታተነች አጠበሰችው። ቲማቲሙ ገብቶ መረቁ መጠጥ ሲል አወረደችው። ድንቹን ቀቅላ፣ ልጣ፣ ደፈጠጠችው። እዚህ ላይ ነው ሌላው ሰው ወተትና የገበታ ቅቤ የሚጨምረው። እሷ ዘይትና የሥጋ መረቅ ነው የምታደርግበት። ክንዷ እስኪዝል ብታሸውም ድንቹ መቼም እንደ ሰው ድንች አይለሰልስላትም። ሥጋውን ከመጋገሪያ ትሪው ሥር አነጠፈች፣ ድንቹን ከላይ አለበሰችው፣ ገጹን በሹካ አሰመረችው፣ በፎይል ሸፈነችው።

የቤቷ ኦቭን ሽቦው ከተቃጠለ ሰንብቷል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዳቦው ወጥቶ ምድጃው ገና ትኩስ እያለ፣ የየቤቱን ትሪ ዳቦ ቤት ወስዶ ያስጋግራል። ችግሩ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ የያዘችው ትሪ ከእሷው ጋር መንታ መሆኑ ነው፤ ነጋዴው ሁለት ለገዛ ዋጋ እቀንሳለሁ ሲል ተጋርተው ነው የገዟቸው፤ ልብስ ሰፊዋም ቅዳሜ ይህንኑ ምግብ ነው የምታስጋግረው። ስለዚህ እናትየው በጥንቃቄዋ የትሪዋን እጀታ በቀይ የጥጥ ክር ጠምጥማ አሰረችው። የጥጥ ክር እሳት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፤ ሐሳቧ ሁሉ ወተት ላይ ነበርና።

ሲመሽ ትልቁ ልጇ ትሪውን ከዳቦ ቤት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አምስቱም ተቀመጡ። ፎይሉን ገለጠችው፤ ድንቹ ከላይ ወርቅ መስሏል። ለአማቷ አስቀድማ፣ ለባሏ፣ ለልጇ፣ ለድንቢጥ አወጣች። እሷ እንደ ልማዷ ሰው ሁሉ ከጀመረ በኋላ ነው የምትቀምሰው።

«ዛሬስ እጅሽ ይባረክ!» አለ ባሏ አፉን ሞልቶ።

«እስቲ ትንሽ ጨምሪልኝ ልጄ» አሉ አማቷ። አማቷ ጭማሪ ሲጠይቁ ሰምታ አታውቅም።

ትልቁ ልጇ ቀና አላለም፤ ሳህኑን ሊፍቀው ምንም አልቀረው። ድንቢጥም ዝም ብላለች። ድንቢጥ ዝም አለች ማለት ጣፍጧታል ማለት ነው። የእናትየው ልብ ቅልጥ አለ። ደስ እያላት ማንኪያዋን ሞልታ ጎረሰች።

ድንቹ ምላሷ ላይ ሟሟ።

ቅቤ!

ለስንት ዓመት ያልቀመሰችው ቅቤ፣ ከወተት ጋር፣ ለስላሳ ሆኖ አፏ ውስጥ ተንሸራተተ። የያዘችው ማንኪያ ወለሉ ላይ ወድቆ ጮኸ።

«ትፊው! ትፊው! ትፊው አልኩሽ!»

ወንበሩ ከኋላዋ ተገለበጠ። ጣቶቿን ልጅቷ አፍ ውስጥ ሰድዳ ምን እንደምታወጣ ሳታውቅ ታወጣለች። ድንቢጥ ደንግጣ ማልቀስ ጀመረች። እናትየው የልጅቷን ሳህን አየችው፤ ባዶ ነው። በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ወደተሰቀለው ከረጢት ሮጠች፤ የአለርጂው መርፌ ያለው እዚያ ነው። ክዳኑን በጥርሷ ነቅላ ወደ ልጅቷ ጭን ስትመለስ ባሏ እጇን አፈፍ አድርጎ ያዛት።

«ተይ! አትውጊያት!»

«ልቀቀኝ! ልጄ ልትሞት ነው!»

«አትሞትም። ምንም አትሆንም።»

«በምን አወቅህ? በምን አወቅህ እኮ ነው የምልህ!»

ባሏ እጇን እንደያዘ እናቱን አየ። እናቱ ጠረጴዛውን አዩ። ትልቁ ልጅ ጣሪያውን። እናትየው አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉም ደንግጠዋል፤ የደነገጡት ግን ለድንቢጥ አልነበረም።

«እማዬ» አለች ድንቢጥ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ «እኔ እኮ ወተት እጠጣለሁ።»

እናትየው ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ምን አልሽ?»

«እጠጣለሁ። ሐኪሙ ትችላለች ብሏል።»

ባሏ መርፌውን ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደና ክዳኑን መለሰበት። «እህትሽ ወልዳ ልትጠይቂያት የሄድሽ ጊዜ ነው» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «የቀጠሮዋ ቀን ስለነበር እኔ ወሰድኳት። መረመሯት። ከሰዓቱን ሙሉ እዚያው አስቀምጠው ጠብታ በጠብታ እየሰጡ አዩዋት። ለቋታል አሉ። አንዳንድ ልጅ እያደገ ሲሄድ ይተወዋል አሉ።»

«እህቴ የወለደችው መቼ ነው?»

ሁሉም ያውቀዋል። የእህቷ ሕፃን ተቀምጦ መጫወት ጀምሯል።

«እናስ? ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርሽ አውቶቡስ ተራ ድረስ መጥቼ ነበር። አንቺ ገና ሳትወርጂ በመስኮት አንገትሽን አውጥተሽ ‹ምን በላች?› ብለሽ ጮኽሽብኝ። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ነገ እነግራታለሁ ስል ነገ ነገን ወለደ። በቆየ ቁጥር ደግሞ መናገሩ እየባሰ ሄደ።»

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ አማቷ ጣልቃ ገብተው። «እኔ ነኝ ቆይ ያልኩት። እንደው እንቅልፍ የላት፣ ይህን ከሰማች ጭራሽ ታብዳለች ብዬ።»

«እማማ፣ እንቅልፍ ያጣሁት እኮ ስላልነገራችሁኝ ነው!»

አማቷ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

ይህን ጊዜ በሩ በክርን ተንኳኩቶ ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ናት፤ የመለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ትሪ ታቅፋ ገባች። «አንቺ ሴት፣ ትሪዬን! ያንቺን አምጥተውብኝ ባሌ አንዴ ጎረሰና ‹ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋሁ?› አለኝ!» ብላ ስቃ ሳትጨርስ የሁሉንም ፊት አየች። «ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ክሩ አልነበረም» አለ ትልቁ ልጅ ቀስ ብሎ። «ሁለቱም ላይ ክር አልነበረም እማዬ። ወደ እኔ የቀረበውን አንስቼ መጣሁ።»

«ድንቢጥ የአንቺን በልታለች» አለቻት እናትየው።

«ኧረ ምን ትሆናለች! ባለፈው እኔ ቤት ያንን ሁሉ ኬክ ጥርግ…» አለችና ልብስ ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ግን ረፍዶ ነበር።

እናትየው ግድግዳውን ተደገፈች። ጎረቤትም ያውቃል ማለት ነው። ሥጋ ሻጩስ? ለዚህ ይሆን እንዲያ የሚሳቅባት? እሷ ድስት ለብቻ፣ ማንኪያ ለብቻ እያጠበች፣ እጇ በሙቅ ውኃ እየተላጠ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ሲያያት ኖሯል። አገር ያወቀውን ፀሐይ የሞቀውን ነገር፣ የልጅቷ እናት ብቻ ናት ያላወቀችው።

«እማዬ፣ ተቆጣሽኝ?» አለች ድንቢጥ።

«አንቺን አይደለም።»

«ሁልጊዜ አፌን በደንብ ጠርጌ ነው የምመጣው እኮ። ልብሴንም አያለሁ።»

እናትየው ከግድግዳው ተነሳች። ቅቤው እንዲህ አላስደነገጣትም፤ የባሏም ዝምታ እንዲህ አላስደነገጣትም። «ጥረጊ ያለሽ ማነው?»

«ማንም። አንቺ እንዳታለቅሺ ነው።»

ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷን ለመጠበቅ ከንፈሯን መጥረግ ራሷ ተምራለች። እናትየው ልጅቷን ከሞት እጠብቃለሁ ስትል፣ ልጅቷ ደግሞ እሷን ከእንባ ስትጠብቅ ኖራለች። እናትየው ልታለቅስ ነበር፤ ግን ይህችው ልጅ ዓይን ዓይኗን እያየቻት ስለሆነ ዋጠችው። ከዚያ ደግሞ፣ መዋጥስ ምን ይሉታል? ሁሉም በመዋጥ አይደል እዚህ የደረሰው? ብላ አሰበችና እንባዋን ለቀቀችው። በአማቷ ፊት፣ በጎረቤቷ ፊት፣ ቆማ አለቀሰች። ድንቢጥ መጥታ ጉልበቷን አቀፈች። «አየህ፣ አባዬ» አለች ወደ አባቷ ዞራ፣ «አልቅሳም አልታመመችም።»

ማንም ሊስቅ አልደፈረም።

እናትየው ፊቷን በሽርጧ ጠርጋ የተገለበጠውን ወንበር አነሳች። ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ አንገቷን፣ የጆሮዋን ሥር፣ ክንዷን እያገላበጠች አየች። ሽፍታ የለም። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ መልሳ ያመጣችላትን የራሷን ትሪ ሳበችና አንድ ትልቅ ቁራሽ ባሏ ሳህን ላይ ዘረገፈች።

«ብላ።»

በላ። አላመጠ፤ ብዙ አላመጠ።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ…»

«ዛሬ ሁለተኛ ውሸት አልሰማም።»

ባሏ እንደ ምንም ዋጠው። ጠረጴዛውን ሁሉ ቃኝቶ ከየትም እርዳታ አላገኘም። «ጉሮሮ ይይዛል» አለ በመጨረሻ።

«አንተስ?» አለችው ልጇን።

«ሲሚንቶ ነው እማዬ።»

«እማማ?»

«ሆድ ይሞላል» አሉ አማቷ። ዓይኗን ሲያዩ ጨመሩ፤ «መሙላቱን ይሞላል፤ ከዚያ ግን አይወርድም።»

እናትየው ራሷን ነቀነቀች። «እኔም አልወደውም» አለች። «አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም። እናንተ የምትወዱት መስሎኝ ነው ዝም ብዬ የምበላው።»

አሁን ደግሞ የመደንገጡ ተራ የእነሱ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ከበሩ አጠገብ ሳቋን ስታፍን እንባዋ መጣ።

«ሰኞ ሥራ አትገባም» አለች እናትየው ባሏን። «ሐኪሙ ጋ ትወስደኛለህ። ከራሱ አፍ እሰማለሁ፤ የጻፈውንም ራሴ አነበዋለሁ። ከአንተ ጋር ገና አልታረቅንም።»

«እሺ።»

«እስከዚያ እኔ በሌለሁበት አንዲት ጠብታ አትቀምስም።»

«እሺ አልኩ።»

«ባለሽበትስ?» አለች ድንቢጥ።

እናትየው የልብስ ሰፊዋን ትሪ አየችው። ድንቹ ገና እንፋሎቱ አልቆመም። ማንኪያ አነሳች፤ ጫፉን ብቻ ነክታ ወደ ልጅቷ አፍ ወሰደችው። መለሰችው። እንደገና ወሰደችው። ድንቢጥ አፏን ከፍታ ጠበቀቻት።

«ዋጥሽ?»

«ዋጥኩ።»

«አፍሽን ክፈቺልኝ እስቲ።»

ልጅቷ አፏን በሰፊው ከፈተች። እናትየው ጎንበስ ብላ ተመለከተች፤ ምላሷን፣ ከንፈሯን፣ ጉሮሮዋን። የአንዲቱን ትንፋሽ ሌላዋ እየሰማች ሁለቱ እንዲያ እንደተፋጠጡ ሳህኖቹ ቀዘቀዙ፤ እናትየው ቀና እስክትል ድረስ ከሌሎቹ ማንም ማንኪያውን አላነሳም።