ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒውተር

ላፕቶፑ እንደገና ሰማያዊ ሆነ። በሰማያዊው ላይ ነጫጭ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተደረደሩ፤ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ራሱን አስነሣ፤ ተመልሶም እዚያው ሰማያዊ ላይ ወደቀ። ቅድስት እጆቿን ከመጻፊያው ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አኖረቻቸው። ካዛንችስ ውስጥ በአንድ አሮጌ ፎቅ ላይ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር ስትጠግን ዓመታት አልፈዋል፤ እንዲህ ያለ እምቢተኛ ግን አልገጠማትም ነበር።

«ምን አለሽ?» አሉ አቶ ቀለመወርቅ። በሩ አጠገብ ተቀምጠው እርጥብ ዣንጥላቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል አቁመዋል።

«አላውቅሽም አለኝ፣ ጋሼ።»

በክፍሉ ሌላ ጥግ ሞባይል የሚጠግነው ኢብሳ አንገቱን ከሥራው ሳያቀና ሳቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ አዲስ መኪና ገዝተው ሞተሩን አውጡና በሬ ጥመዱልኝ እያሉ እኮ ነው።»

«በሬው እርሻውን ያውቀዋል» አሉ ሽማግሌው።

አቶ ቀለመወርቅ ግብረ ገብ ከትምህርት ቤት እስኪወጣ ድረስ ግብረ ገብ፣ ከዚያም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የወጣትነታቸውንም የሽምግልናቸውንም ትርፍ ሰዓት የሰጡት ለአንድ መጽሐፍ ነበር፤ የቀድሞው ዘመን የሙግትና የዳኝነት አነጋገር መዝገበ ቃላት። ተሟጋች ዳኛ ፊት ቆሞ እንዴት ይናገር እንደ ነበር፣ ዋስ እንዴት ይጠራ፣ እማኝ እንዴት ይቆጠር እንደ ነበር ከሽማግሌዎች አፍ ለቅመዋል። ከነገሯቸው ሽማግሌዎች ዛሬ አንድም በሕይወት የለም። በ1988 ዓ.ም. ኮምፒውተር ሲገዙ ለገሃር አካባቢ ካለች አንዲት ትንሽ ቢሮ በፍሎፒ ዲስክ የሚሸጥ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራምም አብረው ገዙ፤ የእጅ ጽሑፋቸውንም ፊደል በፊደል ወደ እርሱ አዛወሩ። ተጽፎ ያለቀውን ወረቀት ደግሞ፣ ሁለት ጊዜ ማስቀመጥ ቤት ማጣበብ ነው ብለው፣ ለሰፈሩ ሱቅ መጠቅለያ ሰጡት። የሙግቱ ቃል ሁሉ ስኳርና ጨው ተጠቅልሎበት ወደየቤቱ ሄደ።

በዚያ ክረምት፣ በ2005 ሰኔ፣ ጠፍቶ የነበረ መብራት በኃይል ሲመለስ፣ የመጀመሪያውን ተክተው የገዙት፣ ኤክስፒ የተባለው ዊንዶውስ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ሆዱ ተቃጠለ። ሃርድ ዲስኩ ተረፈ። ጽሑፉም በውስጡ ደኅና ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ ከጥንቱ ፕሮግራም በቀር በሌላ በምንም ሲከፈት ፊደሉ ጉንዳን የተራወጠበት አሸዋ ይመስላል። ፕሮግራሙ ደግሞ ከኤክስፒ ወዲህ በመጣ አዲስ ዊንዶውስ ላይ አይነሣም። ልጃቸው የገዛችላቸው ላፕቶፕ አዲሱን ዊንዶውስ ይዞ የመጣ ነበርና ፕሮግራሙን ገና ሲነካው «በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም» ብሎ መለሰው። እንግዲህ አሮጌው ኤክስፒ በአዲሱ ማሽን ላይ መጫን ነበረበት።

ቅድስት መጀመሪያ ያቀረበችው ሐሳብ ቀላሉን ነበር። «አሮጌ ዴስክቶፕ ልፈልግልዎ፤ ለገሃር አይጠፋም።»

«የአሮጌው ኮምፒውተር መስኮት ብርሃኑ ይርገበገባል። ሐኪሙ ከልክሎኛል» አሏት። የዓይናቸው ግፊት ከፍ ብሎ የእይታቸው ጠርዝ መጥቆር ጀምሯል። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም እየጠበበ እንደሚሄድ ነግሯቸው «የሚያነቡት ነገር ካለ አያዘግዩ» ብሏቸዋል። የሚያነቡት ነገር ነበር። መጽሐፉን ከሀ እስከ ፐ አንድ ጊዜ አርመው ለማተሚያ ቤት ሳይሰጡ ዓይናቸው ከጨለመ፣ ስሕተቱን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

ችግሩ ግን ከማሽኑ ብቻ አልመጣም። በመጀመሪያው ቀን ቅድስት ከመሳቢያዋ አንድ የኤክስፒ ሲዲ ስታወጣ፣ በላዩ በእስክርቢቶ የተጻፈውን አይተው «ይህ የማን ነው?» ብለው ነበር።

«የሁሉም ነው፣ ጋሼ። ማለቴ፣ ኮፒ ነው። ከዚህ እስከ ኦሎምፒያ ያለው ቢሮ ሁሉ በዚህ ነው የሚሠራው።»

«ሌብነት ሰው ሲበዛበት ስሙ አይለወጥም።»

«በቃ እኛም ሌቦች ነን ማለት ነው?» አለ ኢብሳ።

«እኔ የተናገርሁት ስለ ዕቃው ነው። የቀረውን አንተ ጨመርህ።»

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ሥራው ቆመ። በመጨረሻ ቅድስት የተቃጠለውን ኮምፒውተር ሣጥን አስመጥታ በጎኑ የተለጠፈውን የኤክስፒ ሕጋዊ የፈቃድ ቁጥር አገኘች። «ይኸው፤ ሟቹ ፈቃድ ነበረው» አለች። አቶ ቀለመወርቅም ጥቂት አስበው፣ ሟች ያወረሰውን መውሰድ ነውር አይደለም ብለው ተስማሙ።

አሁን ግን ያ ፈቃድ ያለው ኤክስፒ በአዲሱ ላፕቶፕ በር ላይ ቆሞ መግባት ተስኖታል። ቅድስት የማሽኑን ጥበቃ ከውስጥ ማስተካከያው አንሥታለች፤ በአሮጌው ሥርዓት እንዲነሣም አድርጋዋለች። ኤክስፒን የሚያስገባው ጫኝ ፕሮግራም ጥቂት ይሄድና ሃርድ ዲስክ አላየሁም ይላል፤ ወይም ሰማያዊ ይሆናል።

«ዲስኩ አለ፤ እርሱ ግን አያየውም» ስትል በድካም አስረዳቻቸው። «ኤክስፒ ሲሠራ እንዲህ ያለ ዲስክ ገና በብዛት አልነበረም። ዲስኩ የሚናገረውን አይሰማም። በመካከል የሚያስማማ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ እርሱም ጫኙ ውስጥ የለም።»

«ቱርጁማን በያው» አሉ አቶ ቀለመወርቅ። «በቀድሞው ችሎት የባላጋራውን ቋንቋ የማይሰማ ተሟጋች ያለ ቱርጁማን አይቆምም ነበር። አንቺ ያለ ቱርጁማን አቁመሽው ነው እንጂ እርሱ ጥፋት የለበትም።»

ቅድስት አየቻቸው። ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም። እርሷም አልሳቀችም፤ ደክሟታል። በማግስቱ ከኢንተርኔት የዲስኩን ቱርጁማን ስትፈልግ ዋለች፤ መስመሩ እየተቆራረጠ አንዲት ትንሽ ፋይል ለማውረድ ግማሽ ቀን ፈጀባት። ከጫኙ ጋር አዋሕዳ አዲስ ሲዲ ስትሠራ መብራት ሄደ፤ ሲዲው ተበላሸ። ሌላ ሠራች። ከፎቁ ሥር ያለው ጋራዥ የመኪና ጎን ይቀጠቅጣል፤ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።

በሚቀጥለው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አቶ ቀለመወርቅ ወንበራቸው ላይ ሸለብ አድርጓቸው ሳለ፣ ኤክስፒ ሲነሣ የሚታየው ያ አረንጓዴ ኮረብታ በላፕቶፑ መስኮት ላይ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ገባ።»

ነቅተው ብድግ አሉና ፊታቸውን ወደ ላፕቶፑ አስጠጉ። ቅድስት ፕሮግራሙን ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ገልብጣ ከፈተችው። መጀመሪያ የሠሪው ስም ታየ፤ «ተከስተ ወልደአረጋይ»። ከስሙ ሥር የለገሃሩ ቢሮ ስልክ አለ። ቀጥሎ አቶ ቀለመወርቅ አይተውት የማያውቁት ጽሑፍ ወጣ፦ «የመጠቀሚያ ፈቃድዎ ዘመን አልፏል።»

ጽሑፉን ደግመው አነበቡት።

«እስከ ሰኔ ድረስ በየቀኑ ስሠራበት ነበር» አሉ። «አንድ ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።»

ቅድስት የፈቃዱን ፋይል ፈልጋ አየች። ፈቃዱ የአሥር ዓመት ሲሆን የሚያበቃው በፈረንጆች 2005 መጨረሻ ነው። አሁን ፈረንጆቹ 2013 ላይ ናቸው። ግንባሯን አሸት አሸት አደረገች። «የአሮጌው ኮምፒውተር ቀን ትክክል ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው? በየወሩ መባቻ እኔው በእጄ አይደለም የማስተካክለው?»

«የሚያስተካክሉት ምኑን ነው?»

«ቀኑን ነዋ! ኮምፒውተሩ ተላላ ነው። መስከረምን አንደኛ ወር ብዬ፣ እርሱ ጃንዩወሪ በሚለው ቦታ አስጀምረዋለሁ። ጥቅምት ላይ ሁለት ቀን ያጎድልብኛል፤ ኅዳር ላይ ደግሞ አንድ ቀን ይጨምርብኛል። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም። ስለዚህ በጳጉሜ አልከፍተውም፤ አርፋለሁ።»

«ዛሬን ስንት ይል ነበር?»

«ነሐሴ ሃያ ስድስት ቀን ሁለት ሺህ አምስት። ሌላ ምን ሊል ኖሯል?»

ቅድስት ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያወጣ ሳቀች። ስታስረዳቸው ግን እርሳቸው አልሳቁም። ኮምፒውተሩ በእኛ አቆጣጠር ሲኖር ፈረንጆቹ ቀድመውት ሄደዋል፤ ፈቃዱ ካለቀ ከሰባት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እርሱ ግን ገና ጊዜ አለኝ ብሎ ሲያገለግል ኖሯል።

«ጋሼ!» አለ ኢብሳ ወንበሩን አዙሮ። «የእኛ ሲዲ ሌባ ነው ሲሉን ከርመው?»

«ኢብሳ፣ ተው» አለች ቅድስት።

«ይናገር፤ ልክ ነው» አሉ አቶ ቀለመወርቅ። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ዣንጥላቸው ወደቀች፤ አላነሷትም።

«በቃ፣ ምንም ችግር የለም» አለች ቅድስት። «ቀኑን ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። አሁኑኑ ይከፈታል።»

«አትመልሺው።»

«ጋሼ...»

«እስከ ሰኔ ድረስ ሰዓቱ በእኛ ቁጥር እውነት ይናገር ነበር፤ እኔም አላወቅሁም። አሁን አውቄያለሁ። ደግሞም ጥቂት ቀን ቢቀረው ነው፤ መስከረም ሲጠባ በእኛም ሁለት ሺህ ስድስት ይገባል። እውነት ከተናገረ ይዘጋል። ክፍት እንዲሆን አውቀን ልናስዋሸው ነው።»

«ዓይንዎ እኮ አይጠብቅም!» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር። ይህን ሁሉ ቀን የለፋችበት ነገር በአንድ ቃል ሊቀር ነው።

«ዓይኔ ዳኛ አይደለም፣ ልጄ።» ይህን ሲሉ ግን እጃቸው ላፕቶፑ ክዳን ላይ ነበር፤ ሊዘጉትም አልቻሉም።

ቅድስት ከዚያ በላይ አልተከራከረችም። የሠሪውን ስልክ እንደገና አየችው። ቁጥሩ የቀድሞው ባለ ስድስት አኃዝ ነው፤ ከፊቱ የሚጨመረውን ጨምራ በሞባይሏ ደወለች፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ብዙ ከጠራ በኋላ አንዲት ሴት አነሡ።

«የአቶ ተከስተ ቢሮ ነው?» አሉ አቶ ቀለመወርቅ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው።

«ቢሮው ድሮ ተዘግቷል። ስልኩን ወደ ቤት አዛውረነው ነው። እኅቱ ነኝ፣ ገበያነሽ። ማን ልበል?»

ስማቸውን ተናገሩ። ከዚያም ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረው፣ የራሳቸውን ጥፋት ሳያሳንሱ፣ ችሎት ፊት እንደ ቆመ ሰው በቅደም ተከተል አስረዱ።

«ያ ነገር አሁንም ይሠራል?» አሉ ሴትዮዋ።

«እስከ ሰኔ ሠርቷል።»

«ተከስተ ካረፈ ቆየ። ኮምፒውተሩ ሁሉ ሲቀየር ሰው ተወው፤ እርሱም እንደ አዲሱ አድርጎ ልሥራው ሲል ጤናው ከዳው። ‹አንድ ሰው እንኳ አይጠቀምበትም› እያለ ነው የሞተው።»

«ነፍስ ይማር።»

«አሜን። ሲከፈት ስሙ ይታያል? ማለቴ፣ አሁንም?»

አቶ ቀለመወርቅ ወደ ላፕቶፑ መስኮት አዩ። «ይታያል። ከሁሉ በፊት የሚታየው እርሱ ነው።»

የሴትዮዋ ድምፅ ተለውጦ መጣ። «ልጅ አልነበረውም፤ ወራሹ እኔ ነኝ። እንግዲያስ እስኪጨርሱ ይክፈቱት። ፈቅጃለሁ።»

«ፈቅጃለሁ ላሉት ቃል እማኝ አቆማለሁ» አሉ ሽማግሌው። ወደ ቅድስት ተመለከቱ።

«ሰምቻለሁ» አለች።

«እኔም እማኝ ነኝ፤ ኢብሳ፣ የሞባይሉ!» አለ ከጥጉ።

ገበያነሽ በስልኩ ውስጥ ሳቁ፤ ወይም ተነፈሱ፤ አልለየም። ስልኩ ተዘጋ። ቅድስት ቀኑን መለሰች፤ መጽሐፉም ተከፈተ። ፊደሉ ሁሉ በቦታው ነበር።

በጳጉሜ መጀመሪያ ቀን ጠዋት አቶ ቀለመወርቅ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለው ቤታቸው ላፕቶፑን ከፍተው፣ ቅድስት እንዳሳየቻቸው፣ ቀኑን በእጃቸው ወደ ነሐሴ ሠላሳ መለሱት። ኮምፒውተር ከገዙ ወዲህ በጳጉሜ ሲሠሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። የተከስተ ስም ብቅ ሲል ምንም ሳይነኩ እስኪያልፍ ጠበቁ። ከዚያ ማጉያውን አንሥተው ከሀ ጀመሩ። አንድን ቃል ለማንበብ አንገታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ መውሰድ ነበረባቸው፤ የመስመሩ ሁለት ጫፎች አብረው አይታዩም። በማግስቱም ቀኑን መለሱ። በሦስተኛውም።

በዕንቁጣጣሽ ቀን ቅድስት ደወለች። «እንኳን አደረስዎ፣ ጋሼ! የት ደረሱ?»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ሐ ላይ ነኝ።»

«ገና?» አለች፤ ወዲያውም አፈረች። «ማለቴ፣ ይበርቱ። ቀኑን መለሱት?»

«መልሼዋለሁ። ነሐሴ ሠላሳ ነው።»

«እኔ ጋ መስከረም አንድ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ ስልኩን አስቀምጠው ያቆሙበትን መስመር በጣታቸው ፈለጉት።