ሂልተን በሱረት ቆርቆሮ ያጠራቀማቸው ኪኒኖች

ቦንቴሄውል ሰፈር ውስጥ ሽጉጥ የያዘ ወሮበላ ሞልቷል፤ ሂልተን ግን ከዚያ ሁሉ ይልቅ የሚፈራው ወረቀት ነበር። ወረቀት ደግ ነገር አምጥቶለት አያውቅም።

የልጅ ልጁ ቻኔይ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ያመጣችው ወረቀት ስለ ጥናት ይናገራል። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነገ የራጅ መሣሪያ በጫነ መኪና መጥተው የትኩረት መድኃኒት የሚወስዱና የማይወስዱ ልጆችን መንጋጋ በራጅ ያነሳሉ፤ ወላጅም ይገኝ ይላል። ሂልተን የተማረው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከወረቀቱ ሁሉ «የሚወስዱና የማይወስዱ» የምትለዋ ብቻ ልቡ ውስጥ ገባች።

«ታወቀብኝ» አለ።

አራት ወር ሙሉ ሲዋሽ ኖሯል። ዳይሬክተሩ አረንድሴ ቢሮው ጠርቶ «ይቺ ልጅ ወንበር ላይ አትረጋም። ወይ ኪኒኑን ትውጣለች፣ ወይ የማኅበራዊ ጉዳይ ሰዎች መጥተው ይወስዷታል» ብሎ አስፈርሞታል። አረንድሴ የድሮ የክፍል ጓደኛው ነው። መምህሩ ሂልተንን የደነዞች አግዳሚ ላይ ሲያስቀምጠው ከሁሉ አስበልጦ የሳቀው እሱ ነበር፤ ያ ሳቅ ዛሬም ከሂልተን ጆሮ አልወጣም።

ቻኔይ መድኃኒቱን በጀመረች ሳምንት እህል አልቀምስ ብላ ግድግዳ ላይ እንዳፈጠጠች ዋለች። ሂልተን ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ቅጹ ላይ «ወስዳለች» ብሎ ይፈርማል፤ ኪኒኑን ግን በሱረት ቆርቆሮው ውስጥ ይደብቃል።

አሁን ግን አጥንት ዘልቆ የሚያይ ራጅ መጣ። መድኃኒት አለመኖሩን እንዴት ያጣዋል?

በማግስቱ ጠዋት ያለፈውን ለማካካስ ቆርቆሮውን ከፍቶ አራት ኪኒን አወጣ።

«ዋጪ።»

«አባባ፣ ተትቷል አላልክም እንዴ?»

«ዛሬ ብቻ። አለዚያ ይወስዱሻል።»

«ጥርሴንም ያመኛል።»

«ይመምሽ! እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ የፊት ጥርሶቼን ለወግ ብዬ ሳስነቅል ዋይ አላልኩም። ሰፈሩ እንዳለ ያስነቅል ነበር። አንቺም ስታድጊ እናስነቅልሻለን።»

«ለዚህ ነው ስትስቅ በሩ ሳይዘጋ የተረሳ ጋራዥ የምትመስለው» አለችና እየሳቀች ዋጠቻቸው።

ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ የራጁ መኪና ፊት፣ ሰልፉ ላይ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፊቷ ቀላ። «አባባ፣ ልቤ እየሮጠ ነው።» ሂልተን ደረቷ ላይ እጁን ቢያኖር ልቧ እንደ ስፌት መኪና ይንገጫገጫል። ቢናገር ይወስዷታል። ባይናገርስ? «አሁን ይተውሻል» አላት። ድምፁን ግን ራሱም አላመነው።

ከዩኒቨርሲቲው የመጣችው የጥርስ ሐኪም ዶክተር ኖሉታንዶ አንስታ ስትጨርስ ፎቶውን አሳየችው።

«አባባ፣ ሥሩ ላይ ይቺን ጥቁር ነገር አዩ? መግል ነው። ስንት ወር እንዳመማት እንጃ። ይህን ይዞ ማን አርፎ ይቀመጣል?»

«መድኃኒቱስ… ታየ?»

«ራጅ ጥርስና አጥንት ነው የሚያሳየው። የመድኃኒቱን ነገር እርስዎ ከፈረሙት ቅጽ ነው የምናውቀው።»

ለካ ኪኒኑን በከንቱ ነው ያስዋጣት። ልክ ያን ጊዜ ቻኔይ አስመለሳትና ከመኪናው ደረጃ ላይ ተንሸራተተች። አረንድሴ እየሮጠ መጣ።

«ሂልተን! አሁን ደግሞ ምን አበላሸህ?»

ሐኪሟ የልጅቷን የእጅ የደም ሥር ይዛ ፊቷን አጠቆረች። «ዛሬ ምን ወሰደች? አባባ፣ ይንገሩኝ!»

ወላጆቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። ሂልተን ያችን አግዳሚ እንደገና የተቀመጠባት መሰለው። እጁ ኪሱ ውስጥ ቆርቆሮውን ጨብጦ ቀረ። ከዚያ የቻኔይ ከንፈር ሲጠቁር አየ።

ቆርቆሮውን አወጣና በሰው ፊት ከፈተው።

«አራት። ዛሬ ጠዋት አራት ሰጠኋት። ከመጀመሪያው ሳምንት ወዲህ እስከ ዛሬ አንድም አልዋጠችም። ቅጹ ውሸት ነው።»

ማንም አልሳቀም።

«እንኳን ነገሩኝ» አለችው ሐኪሟ፤ ወዲያው ለአምቡላንስ ደወለች። አረንድሴ ቆርቆሮውን ተቀብሎ ትንሽ አየውና እሱም ስልኩን አውጥቶ ወደ አጥሩ ሄደ። ለማኅበራዊ ጉዳይ ሰዎች ይሁን ለሌላ፣ ሂልተን አልጠየቀም። መሬት ተቀምጦ የቻኔይን እጅ ይዟል፤ የእጇ የደም ሥር ከጣቱ በታች አሁንም ይሮጣል።