ደረጃ ላይ የተሸጠ አምፕሊፋየር

ዖዝ አራተኛ ፎቅ ደርሶ በሩን ሊያንኳኳ ሲል ከውስጥ የወንድ ሳቅ ሰማና ልቡ ድንግጥ አለ። ሌላ ገዢ ቀድሞታል ማለት ነው።

ክረምቱን ሙሉ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲጭንና ሲያወርድ የከረመው ለዚህ ቀን ነበር። ጊታሩን የሚሰካበት የተዋሰው ትንሽ የድምፅ ማጉያ ሳጥን ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠጠር ነው። ራቪት የምትባል ልጅ ባለ አምፖል አሮጌ አምፕሊፋየር ቤታቸው እንዳለ በስልክ ለሽያጭ ስታስተዋውቅ እንቅልፍ አጣ። በኪሱ የያዘው የተጠየቀውን ዋጋ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ትንሽ ከጨመረ አለቀለት።

«ግባ ልጄ፤ ምን በር ላይ ይገትርሃል?» አሉ የራቪት አያት፣ እማማ አገሬ። «የዕቃው ባለቤት ልጄ ነው። ከሥራ ገብቶ ሻወር ላይ ነው፤ ተቀመጡ።»

ሶፋው ላይ ተንሰራፍቶ ሱፍ የሚፈለፍለው ኢላን ነበር፤ ሃዒር ሃዓቲቃ በሚባለው አሮጌው የከተማው ክፍል ያገለገሉ የሙዚቃ ዕቃዎች ይሸጣል።

«አንተ ጊታር ይዘሃል፤ በል አስጩኸው» አለው ኢላን በዕብራይስጥ። «እኔ መሸጥ እንጂ መምታት አላውቅም። በነጻ ልስማ።»

ዖዝ ጥግ ላይ የተቀመጠው አምፕሊፋየር ላይ ጊታሩን ሰክቶ ማብሪያውን ተጫነ። አምፖሎቹ ቀስ በቀስ ፍም መሰሉ፤ የተቃጠለ አቧራ ሸተተ። አንድ ክር ሲነካ ድምፁ ሞቅ ብሎ፣ ጫፉ ላይ ሻከር ብሎ ቤቱን ሞላው። በየሠርጉ የሚሰማውን የእስክስታ ምት ጀመረ። የእማማ አገሬ ትከሻ ሳያስቡት ነቅነቅ አለ። ወዲያው ወደ ውስጥ ዞረው ጮኹ።

«ይግዛው! ኧረ ይግዛው!»

ዕብራይስጥ እየተናገረ ያደገው የዖዝ አማርኛ የወጥ ቤት አማርኛ ነው። ብላ፣ ዝጋው፣ አምጣው የሚሉትን ጠንቅቆ ያውቃል። «ይግዛው» ደግሞ ምን ያስቸግራል? ያውም ሁለት ጊዜ!

«ቶዳ እማማ! ቶዳ ራባ!» ብሎ በዕብራይስጥ እያመሰገነ ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ጊታሩን አዝሎ፣ ሳጥኑን አቅፎ ወጣ። ኢላን ሊናገር አፉን ሲከፍት ሳቁ ከሱፉ ጋር ትን አለው።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ክብደቱ ዖዝን አሸነፈው። ሳጥኑን እንዳስቀመጠ ፎጣ አንገቱ ላይ የጣለ ጎልማሳ ከላይ እየሮጠ ወረደ።

«ሄይ! ዕቃዬን ወዴት ነው?»

«እማማ ፈቅደዋል! ይግዛው ብለዋል!»

«እኔን ነዋ የጠሩት!»

«ማንን?»

«እኔን! ስሜ ይግዛው ነው!»

ዖዝ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እማማ አገሬ በዝግታ ወርደው ደረሱ።

«ምን ላድርግ? አባቱ አገር ይግዛ ብሎ ያወጣለት ስም ነው። እናንተ እዚህ አምጥታችሁ የገበያ አደረጋችሁት!»

ኢላን ዓይኑን እየጠረገ ተከተላቸው። «ስማ ይግዛው፣ በስህተት የሆነ ሽያጭ ሽያጭ አይደለም። እኔ ደግሞ ጨመር አደርጋለሁ።»

ዖዝን ክርክር አላማረውም። «ልክ ነው» አለ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁ። መልሼ ላውጣው።» ጎንበስ ብሎም የሳጥኑን እጀታ ያዘ።

«ቆይ» አለ ይግዛው። «እማ፣ ግን ለምን ጠራሽኝ?»

«ትከሻዬ ሄደብኛ! ድሮ ሠርግ ላይ አንተ ስትጫወት ነበር እንዲህ የሚያደርገኝ። ሳጥኑ ተናገረ፣ ወጥተህ ስማ ልልህ ነው።»

ይግዛው ሻወር ላይ ሆኖ ከእናቱ ጥሪና ከውሃው ድምፅ በቀር የሰማው ነገር አልነበረም።

«ምን ነበር የመታኸው?»

ዖዝ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሳይሰካ መታው። የሚሰማው የክሩ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ይግዛው ግን ጆሮውን ወደ እንጨቱ አስጠግቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«መሃሉ ላይ ትቸኩላለህ» አለ። ከዚያ ወደ ኢላን ዞረ። «አንተ ብትወስደው የት ታደርገዋለህ?»

«መስኮት ላይ። ደህና ገዢ እስኪመጣ።»

«እንግዲያው ይቅር በለኝ ወንድሜ። ደህናው ገዢ መጥቷል።»

ኢላን ሳጥኑን አየ፤ ዖዝን አየ፤ ትከሻውን ሰበቀ። «ይሁን። መኪናዬ በር ላይ ናት፤ አደርስላችኋለሁ። አንተ ልጅ፣ ወገብህ ሲቆረጥ ግን ሱቄን ታውቀዋለህ!»

«አግዙት እንጂ!» አሉ እማማ አገሬ።

«እኔ ማልጌዛ ላይ ካልተቀመጥኩ ዕቃ አላነሳም» አለ ይግዛው፤ ፋብሪካ ውስጥ ሥራው በዚያ ማሽን ዕቃ ማንሳት ነው። ቢሆንም በከባዱ በኩል የያዘው እሱ ነበር።

ታች ደርሰው ሳጥኑን ከጫኑ በኋላ ይግዛው አብሮ ከኋላ ገባ፤ አምፖሎቹ መታጠፊያ ላይ እንዳይነቃነቁ እደግፋለሁ ብሎ።

«ወዴት ነው?» አሉ እማማ አገሬ ከሰገነቱ። «ምሳህስ?»

«አስረክቤ መጣሁ!» አላቸው።

ዖዝ ቤት ሲደርሱ ግን ይግዛው ራሱ መጫወት ጀመረ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ዖዝ ጊታሩን ከእጁ ማስለቀቅ አልቻለም።