የእድሩ ዚል

መኩሪያ እህቱን ፍቼ ቀብሮ፣ ለቅሶ ተቀምጦ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን መካኒሳ አቦ ሲመለስ መጀመሪያ የሄደው ወደ ቤቱ አልነበረም። ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ የእድሩን ግቢ የቆርቆሮ በር በእግሩ ገፍቶ ገባ። ዚሉን፣ የእድሩን አሮጌ የሩሲያ ጭነት መኪና፣ ሊያይ ነው። ሰው ከለቅሶ ሲመለስ እንዴት መኪና ይናፍቀዋል የሚል ካለ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ዚሉ እንደቆመ ነው። ኮፋኖው ግን ተከፍቷል፤ ውስጡም ባዶ ነው። ሞተሩ ከግንቡ ሥር ሁለት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ፒስተኖቹን አንድ በአንድ ያጠባቸው፣ ካርቡሬተሩን በጥርስ ብሩሽ የፈተገው፣ የፋሲካ ማግስት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ሰፈሩን ከየቤቱ ያስወጣው ያ የቤንዚን ሞተር፣ ዝናብ እንዳይገባበት ይመስላል የእድሩ ትልቅ ድስት ክዳን ተደፍቶበታል።

መኩሪያ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጆሮው እስኪግል ድረስ በንዴት ብው አለ።

"ጋሼ መኩሪያ! ነፍስ ይማር፤ እግዜር ያጽናዎት" የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። የእድሩ ጸሐፊ ሲራክ ነው። ወረዳ ውስጥ ይሠራል፤ እድሩንም እንደ ወረዳ ነው የሚያየው።

"ለየትኛው ነው? ለእህቴ ነው ወይስ ለዚህ?"

"ኧረ ለእህትዎ ነው እንጂ። ሞተሩማ አልሞተም፤ በናፍጣ ሊተካ ተነሥቶ ነው።"

"ማን አነሣው?"

"ጠቅላላ ጉባኤው።"

"ጠቅላላ ጉባኤው ክሬን አለው?"

"ያወጣው ኮርሳ ነው። በውሳኔ ነው ግን።"

ኮርሳ ለቡ መንገድ ላይ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ እጁ ፈጣን ነው፣ አፉ ደግሞ ከእጁ ይቀድማል። ከተጋጨ አይሱዙ የወጣ የናፍጣ ሞተር አለኝ ብሎ ጉባኤውን ያማለለውም እሱ ነው።

ዚሉ የእድሩ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ከአባላቱ ግማሹ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ጀሞ ገቡ፤ ሌሎቹ ለቡ ቤት ሠሩ። ሰፈሩን ለቀቁ፤ እድሩን ግን አልለቀቁም። ሃያ ዓመት ያዋጡለትን ድንኳን ለማን ትተው ይሂዱ? ስለዚህ ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳኑ፣ የድንኳኑ ብረት፣ አግዳሚ ወንበሩና ድስቱ ሬሳውን ፍለጋ ከተማውን ማቋረጥ ጀመሩ። በጋሪ ተሞከረ፤ በሚኒባስ ጣሪያ ተሞከረ። በመጨረሻ ሠራዊቱ አሮጌ መኪኖቹን በሐራጅ ሲያስወግድ እድሩ አንድ ዚል ገዛ። የማይነሳ ዚል። መኩሪያ በወታደርነቱ አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለውን መኪና ነድቷል፤ "ለእኔ ተዉት" አለ። ተዉለት። የተዉለት እንግዲህ ለቅሶ እስኪሄድ ድረስ ነው።

"እኔ ሳልኖር?" አለ መኩሪያ። "እህቴን እየቀበርኩ?"

ሲራክ ደንቡን አወጣ። "አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ። በስብሰባ ያልተገኘ አባል፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ በተገኙት ውሳኔ እንደተስማማ ይቆጠራል።"

"የትኛው ደደብ ነው ይሄን የጻፈው?"

ሲራክ ገጹን ገልብጦ ፊርማውን አሳየው። ከፊርማው በላይ "መኩሪያ፣ ሊቀመንበር" ይላል። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ነው። ያኔ በየስብሰባው "ታምሜ ነው" እያለ የሚቀርና ውሳኔ ከተላለፈ በኋላ መጥቶ የሚጨቃጨቅ አንድ አባል ነበር። "ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን" የምትለዋን በግድ ያስገባት ራሱ መኩሪያ ነው፤ ጠረጴዛ ደብድቦ።

ሰው በራሱ ፊርማ ሲናደድ ንዴቱ የሚሄድበት ቦታ የለውም። መኩሪያ ቦርሳውን አነሣ። "ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርስ?" አለ፣ የሚይዘው ነገር ፍለጋ።

"አመልክተናል።"

"እናንተ ምን የማታመለክቱት አለ!" ብሎ በሩን በርግዶት ወጣ።

ለማንም ያልተናገረው ነገር ግን አለ። ናፍጣውን ራሱም አስቦት ነበር። የቤንዚኑ ሞተር ጀሞ ደርሶ እስኪመለስ አንድ ጀሪካን ይጨርሳል፤ ቤንዚን ለማግኘት ደግሞ ግማሽ ቀን ሰልፍ ነው። ለቅሶ እንዲህ ያለ ሰልፍ አይጠብቅም። በፍልሰታ ጾም መግቢያ ሜትር ይዞ የሞተሩን ቦታ ለክቶ፣ ካምቢዮው ከአዲሱ ጋር በምን እንደሚገናኝ አስልቶ ጨርሶ ነበር። ለጉባኤው የሚያቀርብበትን ቃል ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር፤ ሲያጨበጭቡለትም በሐሳቡ አይቷል። እና የእሱን ሐሳብ ያለእሱ ወሰኑበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኩሪያ የቤንዚን ወገን ሆነ።

አኮረፈ። እድሩ ግቢ አይረግጥም፤ ሲራክን መንገድ ላይ ሲያይ ይሻገራል። ሽማግሌ እስኪላክበት ይጠብቃል። ሽማግሌ ግን አልመጣም። እውነቱን ለመናገር ሰፈሩ ኩርፊያው ተስማምቶት ነበር፤ "ያን ቡሎን እንዲህ አትፍታ" የሚል ሰው ከሌለ ሥራ ይፈጥናል። መኩሪያ ቤቱ ቁጭ ብሎ ከግንቡ ማዶ መዶሻውን ይሰማል። እያንዳንዷ ምት ጥርሱ ላይ ነው የምታርፈው።

"ይሄ ልጅ አንድ ነገር ረስቷል" አላት ሚስቱን ተሾመችን አንድ ከሰዓት በኋላ።

"ምን?"

"የዚሉ ፍሬን በአየር ነው። አየሩን የሚሠራው ኮምፕሬሰር ደግሞ ያለው የድሮው ሞተር ላይ ነው፤ ከሞተሩ ጋር ወርዷል። የሚገጥሙት የትንሽ አይሱዙ ሞተር ኮምፕሬሰር የሚባል የለውም።"

ተሾመች ሽንኩርቱን መክተፍ አቆመች። "እና?"

"እና ይሄዳል። አይቆምም።"

"ሂድና ንገራቸው።"

"ይምጡና ይጠይቁኝ።"

"ካልመጡስ?"

"ያን ጊዜ ናፍጣቸውን አውጥተው የእኔን ሞተር ይመልሳሉ።"

"መኩሪያ፣ ሰው ነው የሚጫንበት፤ ጤፍ አይደለም።"

"ግቢ ውስጥ ሲሞክሩት ያዩታል። ግንቡን ይገጩና ይገባቸዋል።"

በዚህ ሒሳብ ሦስት ሳምንት ተኛ። ግንቡ ግን አልተገጨም።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ማኑሄ ጀሞ ማረፉን የሚናገር መልእክት በየስልኩ ገባ። የድሮ ጎረቤት ነው፤ ሰርግ የለ፣ ክርስትና የለ፣ ከየትም የማይቀር፣ ሰው ሁሉ የሚወደው ሰው። ብዙም ሳይቆይ ከግንቡ ማዶ የናፍጣው ሞተር ተነሳ። ደህና አድርጎ ነው የተነሳው። መኩሪያን ይሄም አናደደው።

ተሾመች ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከጓዳ ወጣች።

"ከእነማን ጋር ነው የምትሄጂው?" አላት።

"ዚሉ ላይ።"

"ምን አልሽ?"

"አልሰማህም? የማኑሄን ለቅሶ እንድቀር ነው? እድሩ በዚያ ነው የሚሄደው፤ እኔም በዚያ ነው።" በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። "ይሄዳል ብለኸኝ የለ።"

መኩሪያ ቀልዷን መስሎት ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያ በመስኮት ሲያይ ተሾመች ቀሚሷን ሰብስባ፣ በሁለት ሴቶች ተጎትታ የዚሉ ጭነት ላይ ስትወጣ አያት። በነጠላ ጫማው ሮጠ።

ሲደርስ ዚሉ ከግቢው ወጥቶ አፍንጫውን ወደ ጀሞ ቁልቁለት አዙሯል። ጭነቱ ላይ ድንኳኑና ብረቱ፣ በብረቱ ላይ አሥራ ምናምን ሰው አለ። ኮርሳ መሪውን ይዟል፤ አጠገቡ የእድሩ ሊቀመንበር ሙሉመቤት ተቀምጣለች። ሲራክ የጋቢናው መወጣጫ ላይ ቆሟል። መኩሪያ መኪናው ፊት ሄዶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

"ውረዱ!"

ኮርሳ ጡሩምባውን ነፋ። "ጋሼ፣ ይልቀቁን እንጂ! ሬሳ እየጠበቀን ነው!"

"አንተም ሌላ ሬሳ ልትጨምርበት ነው። ውረድ!"

"አቶ መኩሪያ" አለች ሙሉመቤት በመስኮት፣ ድምፅዋን ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ዝቅ አድርጋ፣ "ተቀይመዋል፤ እናውቃለን። ግን በማኑሄ ቀብር ላይ ነው ቂም የሚወጡት? አያፍሩም?"

ከጭነቱ ላይም "ነውር ነው! ኧረ ነውር ነው!" የሚል ተነሣ። አንዱ ደግሞ "ቤንዚን ስጡትና ይሂድ!" አለ፤ ለቅሶተኛው ሳይወድ ሳቀ። መኩሪያ በዚያ ሳቅ ጊዜ ትቷቸው ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ተሾመች ግን እዚያ ላይ ናት። እየሳቀች አይደለም።

"ፍሬን የለውም" አለ።

"አለው!" ኮርሳ ከጋቢናው ሊወጣ ደረሰ። "ትናንት እዚሁ ግቢ ውስጥ ስንት ጊዜ ሞከርኩት! የአየር ጌጁን ይዩት፤ ሙሉ ነው።"

"አየሩ ከየት መጣ?"

"ከጎሚስታው።"

"ከጎሚስታው!"

"ጎማ የሚነፋበትን ቱቦ ሰክተን የአየር ታንኩን ሞላነው። ምን አለበት? አየር አየር ነው።"

መኩሪያ የጋቢናውን በር ከፍቶ ኮርሳን በሸሚዙ ጎትቶ አወረደውና ራሱ ወጣ። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳበ። ሙሉመቤት ልትወርድ ስትል "ቁጭ በይ፤ እዪ" አላት። አንቺ ብሏት አያውቅም። ሞተሩ እየሠራ ነው። እግሩን ፍሬኑ ላይ ጫነና ለቀቀ። ከመኪናው ሆድ ሽሽሽ የሚል ትንፋሽ ወጣ።

"አንድ" አለ።

የጌጁ መርፌ ትንሽ ወረደች። እንደገና ጫነ፤ "ሁለት።" ሽሽሽ። "ሦስት።" ከአራት ጀምሮ ጭነቱ ላይ ያሉት ሳያውቁት አብረውት መቁጠር ጀመሩ። ሲራክ መወጣጫው ላይ እንዳለ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ መርፌዋን ያያታል። በሰባተኛው ከግማሽ በታች ሆነች። በዘጠነኛው ትንፋሹ ራሱ አነሰ። በአሥራ አንደኛው ፔዳሉ ቢጫን ቢለቀቅ ከሥር የሚመልስ ድምፅ ጠፋ። መርፌዋ ዜሮ ላይ ተኛች።

"አሁን ጀሞ ውረድ" አለው ኮርሳን። "አሥር ጊዜ ፍሬን ትይዛለህ፤ ቁልቁለቱ ላይ ያልቅብሃል። ከዚያ በኋላ አየር አየር ነው በላቸው።"

ኮርሳ የራሱን ጫማ አየ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ይወርዱ ጀመር፤ የሚወርዱበት አካሄድ መሬቱም እንዳይከዳቸው የፈሩ ይመስላል። መኩሪያ ደረቱ ተነፍቶ መሪው ላይ ቁጭ አለ። አሁን ይቅርታ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። ቢመጣ የሚመልሰውን ስድብ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያዘጋጀው ነበር።

"መቼ ነው ያወቁት?" አለችው ሙሉመቤት።

"ምኑን?"

"ፍሬን እንደሌለው።"

"ገና ሞተሩ ወርዶ ያየሁት ዕለት።"

"ሦስት ሳምንት?"

"መጥታችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር?"

"ሦስት ሳምንት ያውቁ ነበር" አለች ሙሉመቤት፤ ይሄኛው ጥያቄ አልነበረም። ነጠላዋን አስተካክላ ወረደች። "ዛሬ ሚስትዎ ባትሳፈር ኖሮ እኛ የት ነበርን?"

መኩሪያ ያዘጋጀው ስድብ ሁሉ ይቅርታ ለጠየቀ ሰው የሚሆን ነበር፤ ለዚህ የሚሆን አልነበረም። ተሾመችን ፈለጋት። ከሴቶቹ ጋር ወንበር እየተቀበለች ታወርዳለች፤ ቀና ብላም አላየችውም። ድንኳኑ እንደድሮው በሁለት ሚኒባስ ጣሪያ ታስሮ ሄደ። እሱም በሦስተኛው ሄደ፤ ከጎኑ ያለው መቀመጫ እስከ ጀሞ ባዶ ነበር፣ ታክሲው ግን ሙሉ ነበር፤ ሁለት ሰው ቆሟል።

ሰኞ ጠዋት ኮርሳ የእድሩ ግቢ ውስጥ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ኮምፕሬሰር ሲያፈላልግ መኩሪያ የራሱን መፍቻዎች ይዞ ገባ። ሰላም አላለም። ኮርሳ የከተማውን ነጋዴ ሁሉ ደውሎ ጨርሷል፤ የለም። አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ ያን ደግሞ ለመጥራት የደፈረ አልነበረም። መኩሪያ ወደ ግንቡ ሄዶ የድሮው ሞተር አጠገብ ተንበረከከ። ኮምፕሬሰሩ ከወጣ ይሄ ሞተር ወደ ዚሉ አይመለስም። ያን ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ዝም ያለውም ለዚያው ነበር።

ሦስቱ ቡሎኖች ወጡ። አራተኛው እምቢ አለ። መኩሪያ ቡሎኑን ሰደበው፤ የሠራውን ፋብሪካ ሰደበው፤ ቀጥሎ ራሱ ያጠበቀው መሆኑ ትዝ ሲለው ይበልጥ ተናደደ። ሲራክ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ሥራ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

"ምን ትገተራለህ? ና ያዝ!"

ሲራክ መጥቶ ኮምፕሬሰሩን በሁለት ጣቱ ያዘ።

"አጥብቀህ! አይነክስህም!"

በሁለት እጁ፣ በደረቱ አቀፈው። መኩሪያ መፍቻው ላይ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለ። ቡሎኑ ጮኾ ተፈታ፤ ጥቁር ዘይት የሲራክን ሸሚዝ ከአንገት እስከ ቀበቶው አጠበው። ሲራክ ግን ኮምፕሬሰሩን አልለቀቀም። ይቅርታ የሚባል ነገር ካለ ያ ነበር፤ መኩሪያ ግን አልተቀበለውም።

"ስታስረው ከሞተሩ ፑሊ ጋር መስመር ይግባ" አለው ኮርሳን ኮምፕሬሰሩን እያቀበለው። "ቺንጋው ላልቶ ባገኘው በዚሁ መፍቻ ነው የምፈነክትህ።"

"እሺ ጋሼ።"

"እሺህን ለራስህ!"

ከዚያ ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ቀደደና ኮምፕሬሰሩ በወጣበት በኩል የተከፈቱትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ መድፈን ጀመረ፣ አቧራ እንዳይገባባቸው። ጠቅጠቅ እያደረገ፣ በአውራ ጣቱ እየጫነ፣ ጊዜ ወስዶ ደፈናቸው። ቀና ሲል ሁለቱም ቆመው ያዩታል።

"ምን ታያላችሁ?" አለ። "ሥራ የላችሁም?"