ረምዚያን ያሳቅኩበት ክፍል

አደን ከተማ የገባሁት በባሕር፣ በዓሣ ነባሪ ጀርባ ተቀምጬ ነው። የማያምን ዓሣውን ይጠይቅ። ይህን ስነግራት ረምዚያ ሁልጊዜ ትስቃለች፤ «ወላሂ፣ ጃፋር ብሎ ስም ያወጣልህ ሰው ተሳስቷል፤ ውሸቱ ማለት ነበረበት» ትለኛለች። የወሎ ልጅ ናት፣ ኾርመክሰር ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች።

የዚያን ቀን ግን አልሳቀችም። «አብረኸኝ ግባ፤ ብቻዬን እግሬ እምቢ አለኝ» አለችኝ።

እዚያው አደን፣ አል-ዐሪሽ በሚባለው ሰፈር ባሕሩ ዳር፣ ሳዑዲ ድንበር ተራራው ላይ በወታደሮች ከተጨፈጨፉት ስደተኞች መሀል የተረፉ ልጆች ቤት ተከራይተው የሟቾቹን ልብስና ፎቶ ሰቅለዋል። ዐረቦቹ መትሐፍ ይሉታል፤ ሙዚየም ማለት ነው። በር ላይ የሚቀመጠው ሰላህ ራሱ አንድ እግሩን ተራራው ላይ ትቶ የመጣ ነው።

የረምዚያ ወንድም ዘካሪያ በዚያው መንገድ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። «እዚህ ካገኘሁት እቀራለሁ፤ ካጣሁት ግን ተሻግሯል ማለት ነው» አለች። «በሚመጣው ሳምንት እከተለዋለሁ።»

እሷ ፎቶዎቹን ስታይ እኔ ወደ ልብሶቹ ዞርኩ። አንድ ሽርጥ ተሰቅሏል፤ ጠርዙ በቀይ ክር የተሰፋ። ሁጀይፍ ወደብ አብረን ጆንያ ስንሸከም፣ «እህትህ ነጭ ክር አጥታ ነው?» እያልኩ ዘካሪያን የማበሽቅበት ስፌት ነው። ግማሹ ተቃጥሏል።

መርዶ በኛ አገር እንዲህ አይነገርም። ማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚደግፏት ሴቶች ከጎኗ ተቀምጠው ነው እንጂ፣ ቆማ ለምትሄድ ሴት እንደ ድንጋይ አይወረወርም። ነገ ጧት ሰው ሰብስቤ አስነግራታለሁ ብዬ ሽርጡን በጀርባዬ ከለልኩት።

ስትመጣ ወሬዬን ጀመርኩ። «እኔ ተራራው ላይ ስደርስ ወታደሩ ሻይ አፍልቶ ጠበቀኝ። ስኳር አንሶታል ብዬ ተጣላሁትና ተመለስኩ።»

ሰላህ አየኝ፤ ከጀርባዬ ያለውንም አየ። ፊቱን ወደ ውጭ መለሰ። እሷ አፏን በሻሿ ይዛ ሳቀች።

ወጣን። «የለም፤ አልሐምዱሊላህ» አለች። ፊቷ በርቷል። ወዲያው የሚያሻግራት ደላላ ደወለላት። ስልኩን ስትዘጋ፣ «መኪናው ዛሬ ከሰዓት ሆነ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ። ሄጄ ዕቃዬን ላንሳ» አለች።

«እስከ ነገ ጧት ቆይ» አልኳት። «ሽማግሌዎች ይመጡልሻል።»

«ምነው፣ ልታገባኝ ነው እንዴ? ዓሣውንም ላከው።» እየሳቀች ሚኒባስ አስቆመች።

«ረምዚያ፣ ዘካሪያ ውስጥ ነው።»

አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ አድርጋ ዞረች።

«ሽርጡ ተሰቅሏል። ጀርባዬን ሰጥቼ ከለልኩብሽ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች፤ ፈገግ ብላ ቀሪውን ቀልድ እየጠበቀች።

ረዳቱ «ያላ፣ ያላ» ይላታል። እኔ አልሳቅኩም። ፊቴን አተኩራ አየችው። ከዚያ እግሯን ከመወጣጫው አወረደችና የወጣንበትን ቤት በር ማየት ጀመረች።