ሃያ ሃያ ደቂቃ

ኮምፒዩተሩ «አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል፣ ርክክብ ተዘግቷል» ሲል የባንኮ ጎቲቲ ፀሐይ ገና ዓይን ትወጋ ነበር። ጋሽ በቀለ ሦስት ጆንያ እሸት ቡና ይዘው ሚዛኑ ፊት ቆመዋል። የዓመቱ ዋና ለቀማቸው ነው፤ እሸት ደግሞ ዛሬ ካልተፈለፈለ ይበላሻል።

እኔ የቡና ድርጅቱን ኮምፒዩተሮች ልጠግን ከዲላ የተላክሁ ነኝ። ትዕግሥቴ ገና መንገድ ላይ፣ ወናጎ ስደርስ አልቋል። ስልኬን አየሁ፤ አሥራ አንድ ከሁለት ይላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ማን በላው?

የእኛ ኮምፒዩተሮች ሰዓት ይቀባበላሉ፤ የዲላው ለወናጎ ይልካል፣ የወናጎው ለባንኮ። ደወልኩ። የዲላው ሥራ አስኪያጅ አቶ ገብረኪዳን፣ ወናጎዎች ስለሚያረፍዱ ሰዓቱን ሃያ ደቂቃ አስቀድሜያለሁ አሉኝ። የወናጎው ዳምጠው የባንኮን ሰው የሐበሻ ቀጠሮ ስለሚያውቅ የራሱን ሃያ ጨምሮበታል። እዚህ ሚዛኑን የሚይዘው አማኑስ? አንገቱን ደፋ። ገበሬው እንዳያረፍድ እሱም ሃያ።

ደሜ ፈላ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተባብረው ፀሐይን ቀደሟት! የሦስቱንም ሰዓት እዚያው ሆኜ በኔትወርኩ አስተካከልኩ።

ኮምፒዩተሩ አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። የመጨረሻውን ገበሬ የመዘገበው በተሳሳተው ሰዓት፣ አሥራ አንድ ከሃምሳ ስምንት ላይ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ አልመዘግብም አለ። ልክ አሥራ ሁለት ላይ ደግሞ ይዘጋል። ለጋሽ በቀለ የተረፈቻቸው ሁለት ደቂቃ ናት፣ እሷም ገና አልመጣችም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ጆንያቸው ላይ ተቀመጡ።

ወሬ መቼ ይደበቃል። ስደውል ሳለ አማኑ ከበር የመለሳቸው ገበሬዎች ሁሉ እንደገና መጡ፤ ወይዘሮ አትጠገብም አንዲት ቅርጫት ይዘው። ኮምፒዩተሩ ግን በዚያች ሁለት ደቂቃ መመዝገብ የሚችለው አንድ ስም ብቻ ነው። ለጋሽ በቀለ፣ የቀደሙት እርስዎ ነዎት፣ የራስዎን ያስመዝኑ አልኳቸው። ጎረቤቶቻቸውን አየት አደረጉ።

«ሁሉንም በእኔ ስም ጫኑት» አሉ።

አማኑ የማን ስንት እንደሆነ ይምታታል ብሎ ተጨነቀ። ወይዘሮ አትጠገብ «በቀለ ያውቀዋል» አሉና ቅርጫታቸውን ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ። ሌሎቹም ተከተሉ። ደረሰኝ የጠየቀ የለም። እንባዬ መጣ፤ ምን ልደብቅ። ደቂቃዋ ስትደርስ አማኑ ቁልፉን አንዴ ተጫነው፤ ተመዘገበ። ቡናው በዚያው ምሽት ተፈለፈለ።

በማግስቱ አቶ ገብረኪዳን ደወሉ። በቀለ የሚባል ገበሬ ያን ሁሉ ቡና በሰዓቱ ማስረከቡን አይተው ልባቸው ተነክቷል። ለሌሎቹ አርአያ ይሆን ዘንድ በሰዓት አክባሪነት ሊሸልሙት ነው። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

ሽልማቱ የግድግዳ ሰዓት ነበር፤ ያደረስኩትም እኔው ነኝ። ጋሽ በቀለ አገላብጠው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ከልባቸው ተቸግረው ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ ይሄን እንግዲህ እንዴት አድርገን እንካፈለው?»